የኅዳር ሚካኤል ስፌት

ያስገቡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የመጣብኝ ጨለማው አልነበረም፤ ሽታው ነበር። የነቀዝ መድኃኒት፣ የሰው ላብና ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ ተደባልቀው ምላስ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሆነዋል። ምራቄን መዋጥ ተጠየፍኩ። ልተፋ ስል ደግሞ እግሬ ሥር ሰው ተኝቷል።

ቦታው ሰቆጣ ዳር ላይ ነው። የማን እንደነበረና ያኔ ማን ይዞት እንደነበረ አልናገርም። በእኛ አገር ጠባቂው ይቀያየራል፣ ቁልፉ ግን ያው ነው። ዛሬ አንዱን ስም ብጠራ ሌላው "እኛ አይደለንም" ብሎ ደረቱን ይነፋል፤ ያንን ደስታ ለማንም መስጠት አልፈልግም።

ከእኔ ጋር የገቡት አንድ ቄስ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከደሃና ወገን የመጡ፣ ከአምደወርቅ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ደብር የሚያገለግሉ ሰው። እኔ ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ፤ ሰቆጣ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አባ የደብራቸው ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶባቸው፣ እስከ አምደወርቅ በአህያ፣ ከአምደወርቅ በሚኒባስ ጭነውት መጥተው፣ ሱቄ ከገቡ ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ማጉያው ተፈትቶ ተዘርግቷል። መሬት ላይ አፉ እንደ ጡሩምባ የሰፋው ድምፅ ማውጫና ሠላሳ ሜትር የሚሆን የተጠቀለለ ሽቦ ተቀምጧል። ጠመንጃ የያዙት ሰዎች የገቡት በዚያ መካከል ነው።

የመጡበት ምክንያት ይሄ ነው። ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቶ ነበር። የግቢው ሰዎች ከበላዮቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በመገናኛ ሬዲዮ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀን ቀን እየጮኸ ንግግሩን ይውጥባቸዋል። አለቃቸው ይህን ጩኸት ሲያጠና ከርሞ አንድ ነገር ደረሰበት። እሑድ እሑድ አይጮህም። በማርያም ቀን አይጮህም። በሚካኤልና በባለወልድም ዝም ይላል። ከዚህ ተነሥቶ፣ ሬዲዮዬን የሚያፍነው ሰው በዓል አክባሪ ነው፣ በዓል አክባሪ ከሆነ የቤተ ክህነት ሰው ነው ብሎ ደመደመ። ጠባቂዎቹንም ቄስና ሽቦ አንድ ላይ ያያችሁበትን አምጡ ብሎ ወደ ከተማው ላከ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይሄን። የሚያሳዝነው ለቀማው ስለቀናው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንንም አለቃው ፊት አቆሙን። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ በሥርዓት ተተኩሷል። በእስክሪብቶው ጫፍ ጆሮውን ይኮረኩራል፤ የወጣውን ያያል፤ ሱሪው ላይ ይጠርገዋል፤ በዚያው እስክሪብቶ የእኛን ቃል ይጽፋል። የአባን የእጅ መስቀል ወረቀት እንዳይበርበት ጭኖበታል።

"ስንት ናችሁ?" አላቸው አባን።

"በቤቴ ነው ጌታዬ?"

"አንተ ሽማግሌ፣ አትቀልድብኝ።"

እኛ አገር ቄስን "አንተ" የሚል የለም። የጠላ ቤት ሰካራም እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው "አባ ይፍቱኝ" ብሎ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። አባ ግን ቃሉን ያልሰሙ መሰሉ።

"እኔ ሰቆጣ የገባሁ ዛሬ ጧት ነው" አሉት። "ጩኸቱ ከመስከረም ጀምሮ ነው ካላችሁ፣ መስከረም እኔ ገብሴን ከወፍ እጠብቅ ነበር።"

"በሩቅ ይሠራል።"

"ምኑ?"

"ሽቦው።"

"ሽቦ ብቻውን አይጮህም" አልኩ እኔ።

"አንተን ገና አልጠየቅኩህም።"

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ ከኋላው ያለው ሬዲዮ ጥርርር ማለት ጀመረ። ሽቦው እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ፣ እኛም እጃችንን ወደ ኋላ ታስረን ፊቱ ቆመናል። በመጨረሻ እግዜር ምስክር ላከልን ብዬ "ይኸው፣ እኛ እዚህ ነን። አሁን ማነው የሚያስጮኸው?" አልኩት። አለቃው ሬዲዮውን አየ፣ እኛን አየ፣ ጆሮውን ኮረኮረ።

"ግብረ አበር አላችሁ ማለት ነው" አለና ጻፈው።

ከዚያ ለአባ ቀን ቆረጠላቸው። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከበላይ መኪና ይመጣል፤ እስከዚያ ግብረ አበሮቻቸውን ካልጠሩ ወደ ላይ ይወሰዳሉ። ይሄን መጋዘኑ ውስጥ ለነበሩት ሰዎች ነገርናቸው። ቀድመውን ከገቡት አንዱ፣ ከሰቆጣ ጀርባ የመጣ ገበሬ፣ "ወደ ላይ የሄደ ሰው ሲመለስ እስካሁን አላየንም" አለ። ለአባ ከባልዲው ራቅ ያለውን ቦታ ለቀቀላቸው። እግራቸው በሁለተኛው ቀን አብጦ ጫማቸው አልገባ አላቸው።

መጋዘኑንና የሬዲዮውን ክፍል የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ጩኸቱ ሲመጣ ለእኛም እኩል ይሰማናል። ሌሎቹ ይረግሙታል፤ እኔ ግን የሙያ ነገር ነው፣ ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ አዳምጠው ጀመር። ጧት ሁለት ሰዓት ግድም ይጀምራል። ምሳ ሰዓት ይተዋል። ተመልሶ ይመጣና ከመምሸቱ በፊት ያበቃል። እሑድ ውሎውን ሙሉ ዝም አለ። ሲጮህም አንድ ወጥ አይደለም። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይፈጥናል፣ ረዘም አድርጎ ይቆይና ይቆማል። ደግሞ አጭር፣ አጭር፣ አጭር ይላል። እንዲህ የሚጮህ እግር የሚያዘው ሞተር ነው። የልብስ ስፌት መኪና ነው። ረጅሙ የሱሪ እግር ነበር፤ አጫጭሮቹ ኪስና ቀበቶ ማስገቢያ።

ያኔ ስንገባ ያየሁት ትዝ አለኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ እህል ይመዘንበት በነበረው ክፍል፣ አንዲት ሴት በካኪ ጨርቅ ክምር መካከል ጎንበስ ብላ ትሰፋ ነበር። የጠባቂዎቹን የደንብ ልብስ ነው የምትሰፋው። የሚያሰፋት አለቃው ነው፤ ክፍሉን የሰጣትም እሱ ነው። እነዚህ የስፌት ሞተሮች ውስጣቸው እየተሽከረከረ የሚፋቅ ሁለት ትንንሽ ከሰል አላቸው። ከሰሉ ሲያልቅ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ለዓይን የማትታይ ብልጭታ ለሬዲዮ ግን ጩኸት ናት። ሴትዮዋ ደግሞ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በበዓል ቀን መርፌ አትነካም። ነገሩ ሁሉ ይሄው ነበር። ለዚህ ነው የሰባ ዓመት ሽማግሌ መጋዘን ወለል ላይ የሚያድሩት።

ለአባ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

"ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?" አሉኝ።

"እሷን ቢያስሯትስ አባ?"

አጠገባችን የተኛውን የጨው ነጋዴ በአገጬ አሳየኋቸው። የጠባቂዎቹ መኪና ጎማ ሲፈነዳ መንገድ ዳር ቆሞ ስለነበረ ብቻ ነው የገባው፤ ያፈነዳው እሱ ነው ተብሎ። ጎማውን በዓይኑ ያየ ከታሰረ፣ ሬዲዮውን በሞተሯ ያስጮኸች ምን ልትሆን ነው?

አባ ነጋዴውን አዩት። "ልጆች አሏት?"

"አላውቅም።"

"ቢኖሯትም ባይኖሯትም" አሉ። "በእኔ ቦታ ሰው እንዳታስገባ። ቃል ግባልኝ።"

ገባሁላቸው። ቃል መግባት ግን ቀላሉ ነው፤ ቀኑ ይቆጠራል። ሦስት ቀን ሲቀር አንድ ዘዴ መጣልኝ። አንዱን ጥፋተኛ ሳልል ሁሉንም ላክም። ግቢው ውስጥ መብራት የሚነካ ነገር ሁሉ፣ አምፖሉም፣ ቻርጀሩም፣ የሬዲዮው ሽቦ ራሱም፣ በየተራ ይታይ፤ የስፌት ሞተሩም በመካከል ያልፋል። ጩኸቱ ይቆማል፣ ማንም አይከሰስም።

አለቃውን አስጠራሁት። የበላዩ በዚያን ሰሞን በሬዲዮ ሲጮህበት እንሰማ ስለነበር ጊዜው ጥሩ ነበር።

"ጩኸቱን ላጠፋልዎ እችላለሁ" አልኩት። እሱ አባን አንተ ይላል፣ እኔ እሱን አንቱ እላለሁ። ምላሴን አጥቤ ልጥለው አማረኝ።

"ማነው?"

"ማን አይደለም። ምን ነው።"

"ምን የሚባል እስረኛ የለኝም። ማን በለኝ።"

"የግቢው የመብራት መስመር ነው። ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ይረብሻል። አንድ ቀን ይስጡኝ፣ ከጠራልዎ አባን ይልቀቋቸው።"

አሰበ። "ሬዲዮዬ ይጥራ እንጂ ሽማግሌውን በዚያው ቀን እለቀዋለሁ" አለ። "ሚካኤልን!"

የመሣሪያ ሳጥኔን ከሱቄ አስመጣልኝ። ግማሹ ተዘርፏል። የቀረችውን መበየጃዬን ጠባቂዎቹ ሲጋራ ሲለኩሱባት ቆይተው ጫፏ ጠቁሯል። ቢሆንም ይዤ ተነሣሁ። የሬዲዮውን ሽቦ ከመብራቱ ሽቦ ጋር አብረው ጠቅልለውት ነበር፤ ለየሁት። ብረት መሬት ውስጥ አስተክዬ፣ ሥሩን ውኃ አጠጥቼ፣ የሬዲዮውን ገላ ከመሬት ጋር አገናኘሁ። ብልጭ ድርግም የሚለውን አምፖል አስነቀልኩ። በቻርጀር ገመድ ላይ እብጥ ብላ የምትታየውን ጥቁር ቀለበት ከተቃጠለ ገመድ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ፣ ተራው እንደደረሰ ሁሉ፣ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄድኩ።

ሴትዮዋ አርባ ዓመት ግድም ትሆናለች። የያዘችውን ስፌት ዳር ሳታደርስ ቀና አላለችም። አማርኛዋ ውስጥ የአገሩ ቋንቋ፣ ኽምጣኛው፣ ይሰማል።

"እታለም፣ ሞተርሽን ልየው።"

ጠባቂውን አየች። "ምን ሆነ?"

"ምንም። ትንሽ ይጮኻል።"

"ለእኔ ደግ ነው። አይጮህብኝም።"

"ለሬዲዮ ነው የሚጮኸው።"

እጇ ጨርቁ ላይ ቀረ። ጠባቂው በሩ ላይ ዞሮ ጥርሱን ይፍቃል። ሞተሩን ስፈታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቄሱን ያሰሯቸው በሱ ነው?" አለችኝ። ዓይኔን ከሞተሩ አላነሣሁም፤ እሷ ግን ገባት። 

ከሰሎቹ አልቀው እንደ ምስማር ቀጥነዋል። ምትክ የለኝም። ከሞተ ሬዲዮ የነቀልኳትን ካፓሲተር፣ የጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በየድኩ፤ ብልጭታው ወደ ገመዱ ሳይወጣ እዚያው እንዲዋጥ። ገመዱን በጥቁሯ ቀለበት ውስጥ ሦስት ጊዜ አዞርኩት።

"ይቺን እንዳትነኪያት" አልኳት ካፓሲተሯን እያሳየሁ። "እግሯ ከተበጠሰ ጩኸቱ ይመለሳል።"

"እሺ" አለች። ረገጠች። ሞተሩ ተነሣ።

ከሬዲዮው ክፍል አንዱ ጠባቂ "ጠራ! ድምፁ ጠራ!" ብሎ ጮኸ።

ደስ አለኝ። እንዲያው ተራ ደስታ አይደለም፤ ላቤ እየፈሰሰ፣ ሱሪዬ የባልዲ ሽታ እየሸተተ፣ አሳሪዎቼ መካከል ቆሜ ሥራዬ ስለሠራ ብቻ ፈገግ አልኩ። አንዱ ጠባቂ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ትከሻዬን አላራቅኩም። በዚያ ቤት ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ያ ፈገግታ ነው።

ወደ መጋዘኑ መልሰውኝ፣ አባ እስኪጠሩ በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ የአለቃው ድምፅ በቆርቆሮው በኩል መጣ። ከበላዩ ጋር እየተነጋገረ ነው። አንዲት ቃል እንኳ አትጠፋም፤ እኔ ነኝ ያጠራሁት።

"አፋኙ በቁጥጥር ሥር ውሏል" ይላል። "የቤተ ክህነት ሰው ነው፣ በበዓላት ቀን እንደሚያርፍ ቀደም ብዬ አሳውቄ ነበር። እርምጃ ከወሰድንበት በኋላ ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ቆሟል።"

"ጎበዝ" አለው የበላዩ። "በሚካኤል ማግስት መኪናው ይወስደዋል።"

መጋዘኑ ውስጥ ሁሉም ሰምቷል። አባ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር፤ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥሩ ሠርተሃል ልጄ" አሉኝ። "ጥርት ብሎ ይሰማል።"

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ በሩን በጡጫ መታሁ፤ አለቃው እስኪመጣ አላቆምኩም።

"በሚካኤል ምለው ነበር" አልኩት።

"ምን ላድርግ?" አለኝ፣ በእርጋታ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። "ጩኸቱ የቆመው እሱ ስለታሰረ ነው። ብለቀው ይመለሳላ።"

"ያቆምኩት እኔ ነኝ እኮ! በእጄ!"

"አንተማ የእሱ ሰው ነህ።"

ዓይኑን አየሁት። ውሸታም ቢሆን ኖሮ እንደ ውሸታም እንቀው ነበር። እሱ ግን አምኖታል። ሹመቱ የሚያምነውን ነገር እየጋገረ ያበላዋል፣ እሱም ይበላል።  በዚያች ሰዓት ሁሉንም ልዘረግፈው አፌን ከፈትኩ፤ ሞተሩን፣ ከሰሉን፣ ሴትዮዋን። አባ ከኋላዬ የእጄን አንጓ ያዙኝ። ያረጁ ጣቶቻቸው ኃይል ይኖራቸዋል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

"ቃል ገብተህልኛል" አሉ።

አፌን ዘጋሁ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጧት ከከተማው የከበሮ ድምፅ ይመጣ ነበር። ታቦት ወጥቷል። አባ ጥጋቸው ላይ ቆመው፣ ያበጠ እግራቸውን እያቀያየሩ፣ በለሆሳስ ያዜማሉ። እኛ እንሰማቸዋለን። በቆርቆሮው ማዶ አለቃው ስለ ነገው መኪና ከበላዩ ጋር ይነጋገራል።

ድንገት ጥርርር አለ።

መጀመሪያ ያፈርኩት በሥራዬ ነው፤ ብየዳዬ ለቀቀ ብዬ። ጩኸቱ ግን አያቆምም። አጭር የለውም፣ ኪስ የለውም። አንድ ረጅም ስፌት ብቻ ነው፣ ጨርቅ የማያልቅበት። የሬዲዮው ድምፅ ሰምጦ ጠፋ።

ገበሬው ፊቱን አጨፈገገ። "ማነው በሚካኤል የሚሠራ?" አለ። ታስሮ ባልዲ አጠገብ የተኛ ሰው ነው፤ የተጠየፈው ግን በበዓል የሚሠራውን ነበር።

አባ ዜማቸውን አቆሙ። ተያየን። ያኔ ገባኝ።

የመጋዘኑ በር ቆርቆሮ ስንጥቅ አላት፤ ዓይኔን ለጠፍኩባት። የስፌት ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴትዮዋ ነጭ የበዓል ልብሷን ለብሳ መኪናው ላይ ተቀምጣለች። አለቃው ግቢውን በሩጫ አቋርጦ ደጇ ላይ ቆመ።

"ምን እየሠራሽ ነው? ዛሬ ሚካኤል አይደለም?"

"የናንተን ሱሪ ነው። አስቸኩላችሁኝ የለ?"

እግሯን አነሣች። ሬዲዮው ላይ የቀረው ጠባቂ ነገሩ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እንደ ልማዱ "ጠራ!" ብሎ ጮኸ። እግሯን መለሰች። "መጣ!" አለ። አነሣች። "ጠራ!" ረገጠች። "መጣ!" ግቢው ውስጥ የነበሩት ጠባቂዎች ሁሉ ወደዚያ ዞሩ። አንዱ ሳቁ አመለጠውና አፉን በእጁ ከደነ።

ሴትዮዋ ካፓሲተሯን አንሥታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖረችለት።

"ይቺ ተበጥሳ ነው" አለች።

"ማን በጠሳት?"

"መቀሴ።"

አለቃው ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሊያስራት እንደፈለገ ከጀርባው ይታያል። ሲያስራት ግን ወደ ላይ ምን ሊል ነው? አፋኙን ይዣለሁ ብሎ በሬዲዮ አሳውቋል። አፋኟ በራሱ ግቢ፣ በራሱ ትእዛዝ፣ የራሱን ሱሪ ስትሰፋ ተገኘች ሊል ነው? አባን ቢልክ ደግሞ ግቢው በሙሉ አይቷል። ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ከመኪናው ገነጠለና ብብቱ ሥር ይዞት ሄደ።

በማግስቱ መኪናው መጥቶ ባዶውን ተመለሰ። አለቃው በሬዲዮ ሲያስረዳ ሰምተነዋል። ሽማግሌው ለእርጅናው ሲባል በምሕረት ተለቋል አለ። ምሕረት የሚለው ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ ጆሮዬን መታጠብ አማረኝ።

አባን ሲያወጧቸው በስንጥቋ አየሁ። መስቀላቸው ተመልሶላቸዋል። ሴትዮዋም ያን ዕለት ከግቢው እንድትወጣ ታዝዛ፣ የጨርቅ መለኪያዋንና መቀሷን ቋጥራ ደጁ ላይ ቆማለች። መስቀሉን ሲዘረጉላት ወደ ኋላ አለች።

"አልሳለምም አባ። በሚካኤል ቀን የሠራሁ ነኝ። ንስሐ ይስጡኝ።"

አባ ዕድሜ ልካቸውን በበዓል እንዳትሠሩ እያሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እንዲያው ይቅር ብሎሻል ብለው አያልፏትም። "አርባ አንድ ስግደት" አሏት።

"እሺ።"

"ሃያው ያንቺ፣ ሃያ አንዱ የኔ።"

"አባ፣ እግርዎን ይዩት እንጂ።"

 መስቀላቸውን ለሷ አስያዟት፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አደረጉና እዚያው የግቢው አፈር ላይ ወደቁ። ተነሡ። ወደቁ። በሰባተኛው መነሣት አቃታቸው። ልትደግፋቸው ስትጠጋ "ተይኝ፣ የራስሽ አለሽ" አሉና በክርናቸው ተነሡ። በስንጥቋ እየቆጠርኩ ነበር፤ ከኋላዬ ያሉት "ስንት ሆነ?" ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። የግቢውን በር ከፍቶ የያዘው ጠባቂ መዝጋትም አልቻለ፣ ውጡ ማለትም አልቻለ። አለቃው በመስኮቱ ታየና ወዲያው ገባ። ሃያ አንደኛው ላይ አባ ግንባራቸውን ከአፈሩ ሳያነሡ ቆዩ፤ ከዚያ ተነሥተው መስቀሉን ተቀበሏት፣ አሳለሟትና በሩን አልፈው ወጡ። ግንባራቸው ላይ ያለውን አፈር አልጠረጉትም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ቆየሁ። ለምን እንደታሰርኩ ሳይነገረኝ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ወጣሁ። ሴትዮዋ ዛሬም ሰቆጣ ገበያው ዳር ትሰፋለች፣ በእግሯ እየረገጠች። ሞተር ልግጠምልሽ ብያት ነበር፤ "የእግሩ ይበቃኛል፣ አይፈጥንም እንጂ ማንንም አያስርም" አለችኝ። አለቃው ሌላ ቦታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል ይሉኛል። አላጣራሁም።

ባለፈው ዓመት አምደወርቅ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ ሄጄ አባን አገኘኋቸው። ከጤናው ከኑሮው ከተጠያየቅን በኋላ ንስሐ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው።

"በምን?" አሉኝ።

"የነዚያን ሰዎች ሬዲዮ ያጠራሁ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።"

በበትራቸው ጫፍ መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

"እኔም ደስ ብሎኝ ነበር" አሉ። "ልጁ ሙያ አለው ብዬ።"

ንስሐ አልሰጡኝም። ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር።